የባድሜንተን ክር ቶሎ ሲበጠስ፦ የተበጠሰበትን ቦታ አይቶ መፍትሄውን ማግኘት

አጥብቆ የሚመታ ተጫዋች ክር ቶሎ ቶሎ ሲበጠስበት መጀመሪያ የሚያስበው ወፍራም ክር መግዛት ነው። ወፍራም ክር ግን መድኃኒት የሚሆነው ለአንድ ዓይነት አበጣጠስ ብቻ ነው። ሌላው ችግር ከራኬቱ ፍሬም ቀዳዳ፣ ክሩን ከሚወጥረው ባለሙያ (ከወጣሪው) እጅ ወይም ከአመታቱ ይመጣል፤ እዚያ ላይ የቱንም ያህል ጠንካራ ክር ቢገባ ገንዘቡ ይባክናል። ስለዚህ ክር ከመምረጥ በፊት የተበጠሰበትን ቦታ ማየት ይቀድማል።

ክሩ እንደተበጠሰ ቦታውን በስልክ ፎቶ አንሱት፣ ከዚያ የቀሩትን ክሮች ሳትውሉ ሳታድሩ ቁረጧቸው። አንዱ ሲላቀቅ የቀሩት ፍሬሙን ወደ አንድ ወገን ስለሚስቡት ራኬቱ ሊጣመም ወይም ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ውጥረቱ ከፍ ባለ መጠን አደጋውም ይብሳል። መቀሱን መሃል ላይ አስገቡና አንድ ቋሚ፣ አንድ አግድም እያፈራረቃችሁ ወደ ዳር ውጡ። መቀስ ከሌለ የጥፍር መቁረጫም ይሠራል።

መሃል ላይ የተበጠሰ ቋሚ ክር

ምልክቱ፦ የተበጠሰው ከቋሚዎቹ አንዱ ነው፤ ቦታው መሃል ወይም ከመሃል ትንሽ ከፍ ብሎ ነው። ሌላ ቋሚ ክር ወደ ጎን ገፋ አድርጋችሁ ከአግድሙ ጋር ይነካካ የነበረበትን ቦታ በጥፍራችሁ ዳስሱት። ጥፍራችሁ ከያዘ ክሩ ተቦርቡሯል ማለት ነው።

ምክንያቱ፦ በእያንዳንዱ ምት ቋሚዎቹ በአግድሞቹ ላይ ይንሸራተቱና ይመለሳሉ። ሻትሉን (የሚመታውን ባለላባ ኳስ) በጎን እየላጠ የሚመታ ሰው ደግሞ ይህን መንሸራተት ያበዛዋል። መስቀለኛው ላይ የክሩ የውጭ ሽፋን ያልቃል፣ ቀጥሎ ውስጥ ያሉት ቀጫጭን የናይለን ፋይበሮች ይቆረጣሉ፣ በመጨረሻ አንድ ስማሽ፣ ከላይ ወደ ታች የሚመታ ኃይለኛ ምት፣ የቀረውን ይጨርሰዋል።

መፍትሄው፦ የክር ምርጫ ዋጋ ያለው እዚህ ላይ ነው። 0.70 ሚሊሜትር ክር ከ0.65 ሚሊሜትር ጋር ሲተያይ ልዩነቱ ለዓይን አይታይም፤ ክሩ የተቆረጠበት ጫፍ ስፋት ሲሰላ ግን ወፍራሙ 16 በመቶ ያህል ተጨማሪ ሥጋ አለው። ከ0.61 ሚሊሜትር ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ከ30 በመቶ ያልፋል። ከዮኔክስ ክሮች ኤሮሶኒክ 0.61፣ ኤክስቦልት 63 ደግሞ 0.63፣ ቢጂ66 አልቲማክስ 0.65 ሚሊሜትር ናቸው። ድምፃቸው ጥርት ያለ ነው፣ ሻትሉንም በፍጥነት ይመልሳሉ፤ በየሳምንቱ ክር ለሚበጥስ ሰው ግን አይሆኑም።

ለጠንካራ መቺ መነሻው የዮኔክሱ ቢጂ65 ቢሆን እንመርጣለን። ውፍረቱ 0.70 ሚሊሜትር ነው፣ ዋጋውም ከብዙዎቹ ዝቅ ይላል። ጉድለቱ ድምፁ ደነዝ መሆኑና ሳይበጠስ ሕይወቱን ማጣቱ ነው፤ ይህን ከታች እናነሳዋለን። የቪክተር ቪቢኤስ-70ም በዚሁ ውፍረት ነው። ቢጂ65 በጣም የሞተ መስሎ ከተሰማችሁ ወደ ናኖጂ 95 ሂዱ፤ 0.69 ሚሊሜትር ሆኖ ሻትሉን ሕያው አድርጎ ይመልሳል። ጠንከር ያለ ስሜት የሚወድ ሰው ባለ 0.68 ሚሊሜትሮቹን ቢጂ80ን ወይም ኤክስቦልት 68ን ይሞክር፤ ዕድሜያቸው ግን ከቢጂ65ና ከናኖጂ 95 እንደሚያንስ ይወቀው።

የቀጭን ክር ስሜት የማይለቅቃችሁ ከሆነ ለቋሚዎቹ ወፍራም፣ ለአግድሞቹ ቀጭን ክር አስገቡ። ቀድሞ የሚበጠሰው ቋሚው ስለሆነ ጥንካሬው የሚያስፈልገው እሱ ጋ ነው። ወጣሪው ክሩን በሁለት ቁራጭና በአራት ቋጠሮ መሥራት ይኖርበታል፤ ይህን አስቀድማችሁ ንገሩት።

በጨዋታ መካከል የተዛነፉትን ክሮች በጣት ወደ ቦታቸው መመለስም ዕድሜ ይጨምራል። ክሩ ተዛንፎ ከቀረ መፋቂያው አንድ ቦታ ላይ ይደጋገማል።

ውጥረት የበዛበት ራኬት

ብዙ አጥቂዎች ውጥረት በጨመረ ቁጥር ስማሹ የሚጠነክር ይመስላቸዋል። ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ላላ ያለ ክር ገባ ብሎ ሻትሉን መልሶ ይወረውረዋል፤ የጠበቀ ክር የሚሰጠው የአቅጣጫ ቁጥጥር ነው፣ ኃይሉን ማምጣት ያለበት ክንዱ ነው። ከዚህም በላይ ውጥረት ሲጨምር ጥሩ የሚመታበት የመሃል ክፍል ይጠብባል፣ ክሩም የሚለጠጥበት ትርፍ ያጣል። በ28 ፓውንድ የተወጠረ ቢጂ65 በ24 ፓውንድ ከተወጠረ ቢጂ66 ቀድሞ ሊበጠስ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ክሩን ወደ ወፍራም ስትቀይሩ ውጥረቱን በዚያው አትጨምሩ፤ የትኛው እንደሠራ ማወቅ አትችሉም። በመዝናኛ ደረጃ አጥብቆ ለሚመታ ሰው ከ23 እስከ 25 ፓውንድ ይበቃል። ማሽኑ በኪሎ የሚሠራ ከሆነ 22 ፓውንድ 10 ኪሎ፣ 24 ፓውንድ 10.9 ኪሎ፣ 26 ፓውንድ 11.8 ኪሎ ነው። ፍሬሙ የሚችለው ወሰን ብዙውን ጊዜ ከእጀታው በላይ ባለው ኮን ወይም ዘንጉ ላይ ተጽፏል። አግድሞቹ ከቋሚዎቹ አንድ ወይም ሁለት ፓውንድ ከፍ ብለው መወጠራቸው የተለመደ ነው፣ የፍሬሙን ቅርጽ ይጠብቃል።

ከፍሬሙ ጥግ፣ በተለይ ከላይ የተበጠሰ

ምልክቱ፦ ከፍሬሙ ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር ርቀት ላይ፣ ያልተቦረቦረ አዲስ ክር በአንድ ምት ይበጠሳል። ሲበጠስም እጅ ላይ የሚነዝር ስሜት ይተዋል።

ምክንያቱ የተሳተ ምት ነው። ዳር ላይ ክሩ በአንድ ወገን ፍሬሙ ጋ ስለታሰረ መለጠጥ አይችልም፤ የሻትሉ ጭንቅላት የሆነው የቡሹ ግፊት በሙሉ አጭሯ ክፍል ላይ ያርፋል። አብዛኛውን ጊዜ ይህ የሚመጣው ተጫዋቹ ከሻትሉ ሥር ሳይደርስ ዘግይቶ ሲመታው ነው።

እዚህ ላይ ወፍራም ክር የሚረዳው ትንሽ ነው። ውጥረቱን ሁለት ፓውንድ ቀንሱ። ከዚያ እግር ላይ ሥሩ፦ ከሻትሉ ኋላ ቀድሞ መድረስና ከራስ ፊት ለፊት አስቀድሞ መምታት። ለሩብ ሰዓት በግማሽ ኃይል ስማሽ እየመታችሁ ቡሹ ክሩ ላይ የሚያርፍበትን ቦታ ተከታተሉ፤ መሃል ላይ እስኪደጋገም ድረስ ኃይል አትጨምሩ።

ቀዳዳው አፍ ላይ የተበጠሰ

ክሩ ሁልጊዜ በአንድ ቀዳዳ አጠገብ ከተበጠሰ ጥፋቱ የክሩ አይደለም። በየቀዳዳው የተሰካው ትንሽ የፕላስቲክ ቱቦ፣ ግሮሜቱ፣ ተሰንጥቋል ወይም ክሩ በልቶታል፤ የፍሬሙ የካርቦን ጠርዝ ክሩን እየነካው ነው።

ክሩ ተቆርጦ ራኬቱ ባዶ ሲሆን እያንዳንዱን ግሮሜት በብርሃን እዩ። ከዚያ ጥጥ በጣት አሹና አቅጥናችሁ በቀዳዳው አሳልፉት። የጥጡ ጭራ ከተያዘ ወይም ቀዳዳው አፍ ላይ ነጭ ብናኝ ከቀረ ስለት አለ። አሮጌውን ግሮሜት በወስፌ ከውስጥ ወደ ውጭ ገፍታችሁ አውጡት፣ አዲሱን ከውጭ ስኩ። ቱቦው በውስጥ በኩል ከፍሬሙ ትንሽ ወጣ ማለት አለበት፤ ከፍሬሙ እኩል ከተቆረጠ ክሩን ከጠርዙ አይጠብቀውም። ሁለት ክር የሚያልፍባቸው ቀዳዳዎች ሰፋ ያለ ግሮሜት ይፈልጋሉ፣ ስትገዙ ሁለቱንም ዓይነት ያዙ።

በተወጠረ በቀኑ ወይም በሁለተኛው ቀን የተበጠሰ

አዲስ ክር ሳይቦረቦር ከሄደ የአወጣጠሩን ሥራ መርምሩ። ነጭ ሆኖ የተጨፈለቀ ቦታ ካለ የማሽኑ መቆንጠጫ ከልክ በላይ ጠብቋል ወይም ተንሸራቷል። ሁለት ክር በሚያልፍበት ቀዳዳ ላይ ፋይበሩ ከተበጠበጠ የመጀመሪያው ክር በወስፌ ተወግቷል ማለት ነው። አግድሙ በፍጥነት ተጎትቶ ሲገባም ቋሚውን በሰበቃ ያቃጥለዋል፤ በመስቀለኛዎቹ ላይ ቀጭን የመላጥ መስመር ትታያለች። ፎቶውን ለወጣሪው አሳዩት፣ ጥሩ ባለሙያ ወዲያው ይገባዋል። ምልክቱ በተከታታይ ሁለት ጊዜ ከመጣ ወጣሪ ቀይሩ።

ሳይበጠስ የሞተ ክር

ጠንካራ ክር የያዘ ሰው የሚገጥመው ይህ ነው። ድምፁ ይደፈናል፣ ሻትሉ ካሰባችሁት በላይ ይሄድባችኋል፣ ክሮቹ በትንሽ ምት ይዛነፋሉ። ናይለን ከተወጠረ ጀምሮ እየላላ ይሄዳል፣ ፈጥኖ የሚላላውም በመጀመሪያው ቀን ነው። በሳምንት ሦስት ጊዜ የሚጫወት ሰው ባይበጠስም በሁለት ወር ገደማ ይቀይረው። አለዚያ የላላውን ክር ለማካካስ አመታቱን ይለውጣል፣ ትከሻውም ይደክማል።

ሙቀት ነገሩን ያፋጥነዋል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በበጋ መኪና ውስጥ የዋለ ራኬት በአንድ ቀን ውስጥ ውጥረቱ ሊወርድ ይችላል። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ክረምት ደግሞ መኪና ውስጥ ያደረ ክር ደርቆ በቀላሉ ይበጠሳል። ራኬቱን ከሰው ጋር ወደ ቤት አስገቡት፤ በብርድ ጊዜ ከስማሽ በፊት አሥር ደቂቃ ረጃጅም ምቶችን ተለዋወጡ።

አንድ ፓኬት 10 ሜትር ነው፣ ለአንድ ራኬት ይበቃል። ተስማሚ ክርና ውጥረት ካገኛችሁ 200 ሜትሩን ጥቅል ከጓደኞቻችሁ ጋር መግዛት ለ20 ራኬት ስለሚሆን ያዋጣል። ጥቅሉን ፀሐይ በማይነካው ደረቅ ቦታ፣ በታሸገ ፕላስቲክ አኑሩት።