ኬንያ የሚሄድ ሰው ኪስ ውስጥ የሚገባ የመብት ወረቀት

ወንድማችሁ በሞያሌ በኩል ናይሮቢ ሊሄድ ከሆነ፣ ከስንቁ ጋር አንድ ወረቀት አዘጋጁለት። ፖሊስ ቢይዘው መብቱን የሚያስታውስበት ነው። ስልኩ ፖሊስ ጣቢያ እንደገባ ሊወሰድበት ይችላል፣ ወረቀት ይሻላል።

አውሮፓ ውስጥ ፖሊስ ለያዘው ሰው መብቱን የሚዘረዝር ጽሑፍ በሚገባው ቋንቋ እንዲሰጠው የአውሮፓ ኅብረት በፈረንጆቹ 2012 ደንግጓል። በእኛ አካባቢ እንዲህ ያለ የጋራ ወረቀት የለም። መብቱ ግን አለ። ኢትዮጵያም ኬንያም ጅቡቲም የተቀበሉት የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን፣ አንቀጽ 14 ላይ፣ ተከሳሽ ክሱ በሚገባው ቋንቋ እንዲነገረው፣ ጠበቃ እንዲያገኝ፣ የችሎቱን ቋንቋ ካልሰማ አስተርጓሚ በነፃ እንዲመደብለት፣ በራሱ ላይ እንዲመሰክርም እንዳይገደድ ይላል። መኖሪያ ፈቃድ የሌለውም ሰው ቢሆን ይህ አይቀርበትም።

ወረቀቱ ላይ መጀመሪያ ሰዓቱን ጻፉ። ኬንያ ውስጥ የተያዘ ሰው በ24 ሰዓት ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፣ የሕገ መንግሥታቸው አንቀጽ 49 ነው። 24 ሰዓቱ ችሎት በሌለበት ካለቀ ወደሚቀጥለው የችሎት ቀን ይሻገራል፤ ዓርብ ማታ የተያዘ ሰው ሰኞ ችሎት ሳይዘጋ መቅረብ አለበት ማለት ነው።

ቀጥሎ ቋንቋው፣ እዚህ ላይ አደራ! ሰው ቶሎ የሚፈታ እየመሰለው ያልገባውን ቃል ይፈርማል፣ ከፈረመ በኋላ ደግሞ ያንን ማስተባበል ከባድ ነው። ስለዚህ ሁለት የስዋሂሊ ዓረፍተ ነገር አስጠኑት፦ «ናታካ ምካሊማኒ» አስተርጓሚ እፈልጋለሁ፣ «ናታካ ዋኪሊ» ጠበቃ እፈልጋለሁ። ለእሱ በአማርኛ ፊደል፣ ለፖሊሱ እንዲያሳይ ደግሞ በላቲን ፊደል ጻፉት። ሁለቱም እስኪመጡ ዝም ቢል ማንም ሊያስገድደው አይገባም።

ከሥር የኤምባሲያችንን ስልክና ናይሮቢ የሚያውቀውን ሰው ቁጥር ጨምሩ። ፒያሳ ወይ ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ካሉት ጽሕፈት ቤቶች አንዱ ጋ አስተይባችሁ ሁለት ኮፒ አውጡ፣ አንዱ ቤት ይቅር።

እዚሁ አዲስ አበባ ቢታሰርስ? በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 19 ፍርድ ቤት መቅረብ ያለበት፣ ወደዚያ የሚወስደው የመንገድ ጊዜ ሳይቆጠር፣ በ48 ሰዓት ነው። አንቀጽ 21 ደግሞ ቤተሰብ እንዲጠይቀው ይፈቅዳል። ጣቢያ ሄዳችሁ የመርማሪውን ስም፣ በምን እንደተጠረጠረና የትኛው ችሎት እንደሚቀርብ ጠይቁ፣ የተያዘበትን ሰዓትም መዝግቡ። 48 ሰዓቱ ካለፈና ፍርድ ቤት ካልቀረበ፣ አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ፣ ማለትም ያለ ሕግ የተያዘ ሰው እንዲለቀቅ የሚጠይቅ ማመልከቻ፣ ይዛችሁ ወደ ፍርድ ቤት ሂዱ፤ የመዘገባችሁት ሰዓት እዚያ ላይ ይጻፋል።