ስዊች ከቀየርኩ በኋላ የሞቱት ሁለት ቁልፎች

የሜካኒካል ኪቦርዴን ስዊቾች፣ ማለትም ከየቁልፉ ሥር ሆነው መጫኑን የሚያሳውቁትን ክፍሎች፣ በአዲስ ቀየርኩ። ያለ መበየጃ ካውያ የሚነቀልና የሚተከል፣ ሆት ስዋፕ የሚባለው ዓይነት ነው። ስሰካው ኤ (A) እና ኢ (E) አይሠሩም። አማርኛ በእንግሊዝኛ ፊደል ለሚተይብ ሰው ያለ ኤ እና ኢ ምን ይጻፋል?

ገመድ ቀየርኩ። ሌላ ላፕቶፕ ላይ ሞከርኩ። ሪሴት አደረግኩ። ወይ ፍንክች!

ስዊቾቹን ስነቅል የኢ አንዱ ፒን (ቀጭኑ የብረት ጫፍ) ታጥፏል። በወረንጦ አቃናሁት፣ ሠራ። የኤ ፒኖች ግን ደህና ናቸው፤ የሚሠራ ስዊች ብተክልበትም ዝም። ፒያሳ ያለ ጠጋኝ «ቦርዱ ሄዷል፣ ሌላ ግዛ» አለኝ። አልተዋጠልኝም።

ኪቦርዱ ላፕቶፑ ላይ እንደተሰካ፣ የኤ ስዊች የሚተከልበትን ቦርዱ ላይ ያለ ትንሽ ሶኬት ሁለት ቀዳዳዎች በወረንጦ አገናኘሁ። ምንም። ከፍቼ ሳየው የሶኬቱ አንድ እግር ከቦርዱ ተላቋል። ስዊች ሲጫን ሶኬቱ ወደ ኋላ ይገፋል፣ ብየዳው ደካማ ከሆነ ይለቃል። ቦርዱ ላይ ያሉትን ሁለት የመዳብ ነጥቦች በቀጥታ ሳገናኝ ኤ ስክሪኑ ላይ ወጣች! ቦርዱ ጤነኛ ነው ማለት ነው።

ከመርካቶ ለብየዳ የሚቀልጠውን ስታኞና ብየዳው እንዲይዝ የሚረዳውን ፍላክስ ገዛሁ። ገመዱን ነቅዬ፣ ሶኬቱን በወረንጦ ተጭኜ፣ ካውያውን 350 ዲግሪ ላይ አድርጌ እግሩን በየድኩት። ጥቂት ሰከንድ ይበቃል፤ ከቆየ ፕላስቲኩ ይቀልጣል። መዳቡ ራሱ ተልጦ ቢሆን ኖሮ ከእግሩ መስመሩ እስከሚደርስበት ዳዮድ (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ትንሽ ክፍል) ወይም ጎረቤት ስዊች ድረስ ቀጭን ሽቦ መሳብ ነበረብኝ፤ ትክክለኛውን መስመር ሁለት ነጥቦች ሲገናኙ በሚጮኸው የቴስተር ድምፅ ማግኘት ይቻላል።

ስዊቹን መልሼ ስተክል ሶኬቱን ከጀርባ በጣቴ ደግፌ ነው። ኤ ሠራች።