ሁለተኛው ሞኒተር አልበራ ሲል፦ ለቆዩ ዴስክቶፖች ችግርና መፍትሄ

ገመዱ ጠብቋል፣ ሞኒተሩ ኃይል አግኝቷል፣ የዊንዶውስና የ‹ፒ› ቁልፎችን አብረው ተጭነው ማስፋፊያውን መርጠዋል፤ ሁለተኛው ሞኒተር ግን አሁንም ጨለማ ነው። የምጽፈው ከዚህ በኋላ ስላለው ነው።

ኮምፒውተሩ ሁለተኛውን ሞኒተር ጨርሶ አያየውም

ድሬዳዋ ውስጥ በተጠራሁበት ቦታ ሁሉ ማለት ይቻላል ጥፋቱ የኮንቨርተሩ፣ ማለትም አንዱን የምስል መሰኪያ ወደ ሌላ ዓይነት የሚቀይረው ዕቃ ነው። ከምስል መሰኪያዎቹ ቪጂኤ ምስሉን የሚልከው በአናሎግ ነው፤ ኤችዲኤምአይና ዲስፕሌይፖርት ደግሞ በዲጂታል። ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሻገር ቺፕ ያስፈልጋል፤ ቺፑም የሚሠራው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይረውን ገልብጠው ቢሰኩት እስከ ማታ ቢጠብቁም ምስል አይመጣም። ይህን እያወቀ ‹‹ሁለቱም ያው ነው›› ብሎ የሚሸጥ ነጋዴ ደንበኛውን እየበደለ ነው።

ከዚራ ያለ አንድ የሒሳብ ቢሮ በዚሁ ምክንያት አዲሱን ሞኒተር ለሻጩ መልሶ ሌላ ወስዶ ነበር። ኮምፒውተሩ የዴል ኦፕቲፕሌክስ 790 ነው፤ ከኋላው አንድ ቪጂኤና አንድ ዲስፕሌይፖርት አለው። አዲሱ ሞኒተር ያለው ኤችዲኤምአይ ብቻ ስለሆነ በቪጂኤው ላይ የተገላቢጦሽ ኮንቨርተር ሰክተውበታል። ዲስፕሌይፖርቱ ግን አጠገቡ ባዶውን ተቀምጧል! አሮጌውን ሞኒተር ወደ ቪጂኤው መለስኩት፣ አዲሱን ከዲስፕሌይፖርት ወደ ኤችዲኤምአይ በሚሄድ ገመድ አገናኘሁት፤ ወዲያው በራ። ይህም ገመድ አቅጣጫ አለው፦ የዲስፕሌይፖርቱ ጫፍ ሁልጊዜ በኮምፒውተሩ በኩል ይሁን።

ሳቢያን ባለ ፎቶ ቤት ያየሁት ደግሞ እስካሁን ያናድደኛል። የኮምፒውተሩ ዲቪአይ (ሌላው የምስል መሰኪያ) ዲጂታል ብቻ ነው። የቪጂኤ ኮንቨርተሩ አልገባ ሲላቸው በጠፍጣፋው ምላስ ዙሪያ ያሉትን አራት ፒኖች በጉጠት ሰብረው አስገቡት። አናሎጉን የሚያስተላልፉት እነዚያው ፒኖች ናቸው፤ ሶኬቱ ላይ ቀዳዳ ያልተበጀላቸውም ከጀርባው አናሎግ ስለሌለ ነው። እባካችሁ፣ አልገባ ያለን ነገር በጉልበት አታስገቡ። አራቱ ቀዳዳዎች ካሉ ርካሹ ኮንቨርተር ይበቃል፤ ከሌሉና ሞኒተሩ ኤችዲኤምአይ ካለው ከዲቪአይ ወደ ኤችዲኤምአይ የሚሄድ ገመድ ግዙ።

ለኤችዲኤምአይ ሞኒተሩ የቀረው መውጫ ቪጂኤ ብቻ ከሆነ ከቪጂኤ ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይረውን፣ የዩኤስቢ ጭራ ያለውን ኮንቨርተር ምረጡ፤ ጭራውንም ስኩት። ቺፑ ኃይል የሚያገኘው ከዚያ ነው። ተንጠልጥሎ የቀረ ጭራ ስንት ጊዜ እንዳየሁ!

ሁለቱም ሞኒተሮች አንድ ዓይነት ምስል ብቻ ያሳያሉ

ባለ ሁለት ጫፍ የቪጂኤ ማካፈያ ተገዝቷል። ማካፈያ አንዱን ምስል ያባዛል እንጂ ሁለተኛ ዴስክቶፕ አይፈጥርም። አውጡት።

ግራፊክስ ካርድ ሲገባ የማዘርቦርዱ መውጫ ሞተ

ብዙ ባዮሶች (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚሠራው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) ካርድ ሲያገኙ የማዘርቦርዱን ግራፊክስ ይዘጋሉ። ሁለቱንም ገመዶች ካርዱ ላይ ስኩ። መውጫው ካልበቃ ባዮስ ውስጥ ገብታችሁ ባለ ብዙ ሞኒተር ምርጫውን ክፈቱ፤ ምርጫው የሌላቸው ማዘርቦርዶችም አሉ።

ሦስተኛው ሞኒተር እምቢ አለ

ሁለተኛ ትውልድ የኢንቴል ፕሮሰሰር አብሮት ባለው ግራፊክስ ከሁለት ሞኒተር በላይ አያንቀሳቅስም፤ ካርድ ያስፈልጋል። ቀጭን ኬዝ ከሆነ ከፍታው አጭር የሆነ (ሎው ፕሮፋይል) ካርድ ከአጭር መያዣው ጋር ግዙ። ካርዱ የሚሰካበት የማዘርቦርዱ ሶኬት ከ75 ዋት በላይ አይሰጥም፤ ተጨማሪ የኃይል ገመድ የሚጠይቅ ካርድ ከመግዛታችሁ በፊት ፓወር ሰፕላዩ ያ ገመድ እንዳለው ተመልከቱ።

ቀለሙ ወደ ሮዝ ወይም ቢጫ ያደላል

የቪጂኤው ፒን ታጥፏል ወይም ብሎኑ አልጠበቀም።

ከሰዓት በኋላ ሁለቱም ይጠፋሉ

የድሬዳዋ ሙቀትና አቧራ ነው። የካርዱ ማራገቢያ በአቧራ ተደፍኖ ካርዱ ይግላል። ኮምፒውተሩን አጥፉ፣ የኃይል ገመዱን ከግድግዳው ንቀሉ፣ ከዚያ ማራገቢያውን በጣት ይዛችሁ በደረቅ ብሩሽ ጥረጉ። እርጥብ ጨርቅ አታስጠጉ። ኬዙንም ከግድግዳው ትንሽ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ የኋላው መተንፈሻ ከተዘጋ በሳምንቱ ያው ችግር ይመለሳል።