ጽሑፉ በጣት ሲነካ የሚለቅ ፕሪንተር

ደብረ ማርቆስ ላይ ክረምቱ ሲገባ የቢሯችን ሌዘር ፕሪንተር ጽሑፉን ቦታ ቦታ እያሳሳ ማተም ጀመረ። ደብዳቤውን በጣት ስታሹት ፊደሉ ይለቃል። ባለጉዳይ ከሩቅ ገጠር መጥቶ እንዲህ ያለ ወረቀት ይዞ ሲመለስ ማየት ያንገበግባል።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ካርትሪጁን፣ ማለትም የቀለም መያዣውን ነበር። አውጥቼ ነቀነቅኩት፤ በሌላም ቀየርኩት። ወይ ፍንክች!

ቆይቶ ዓይኔ ወረቀቱ ላይ አረፈ። እሽጉ ተከፍቶ ሲሚንቶ ወለል ላይ፣ መስኮት ሥር ሰንብቷል። ጫፉ ተጥመልምሏል። እርጥበት ጠጥቷል ማለት ነው። የሌዘር ፕሪንተር ቀለም ዱቄት ነው። ወረቀቱ ላይ የሚሳበው በኤሌክትሪክ ሙላት ነው፤ እርጥብ ወረቀት ደግሞ ሙላቱን በደንብ አይዝም። ስለዚህ ጽሑፉ ይሳሳል። ቀጥሎ ፊውዘሩ፣ ማለትም የፕሪንተሩ ማሞቂያ ክፍል፣ ዱቄቱን ወደ 200 ዲግሪ በሚጠጋ ሙቀት አቅልጦ ያጣብቀዋል። ወረቀቱ ከረጠበ ግን ከሙቀቱ ከፊሉ ውኃውን በማትነን ያልቃል።

ያልተከፈተ እሽግ አስገባሁ። ጽሑፉ ወዲያው ደመቀ። ወፈር ያለው ወረቀት ላይ ግን አሁንም ትንሽ ይለቅ ነበር። ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ የወረቀቱን ዓይነት «ወፍራም» ወደሚለው ስቀይረው ፊውዘሩ ሙቀት ጨመረ፤ እሱም ተስተካከለ።

አሁን ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልለን መደርደሪያ ላይ እናስቀምጣለን። ትሪው ላይ የምናደርገው የዕለቱን ብቻ ነው።