ከነልጣጩ የፈላ ነጭ ወይን፦ ሰዎች ሲሳሳቱበት የማያቸው ነገሮች

ኬፕ ታውን በአስተናጋጅነት ስሠራ እንደዚህ መጠጥ የተመለሰብኝ የለም። እንግዳው ነጭ ወይን ያዛል፤ መልኩ የጠጅ የሆነ፣ ደፍረስ ያለ ነገር ይቀርብለታል፤ አንዴ ፉት ብሎ ብርጭቆውን ወደ እኔ ይገፋዋል። ጥፋቱ የወይኑ የሆነበት ጊዜም ነበር፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ጉዳዩ የአያያዝ፣ ወይም እንግዳው ሌላ ነገር ጠብቆ መምጣቱ ነው። የማወራው በተለይ ከከተማዋ በስተሰሜን ካለው ከስዋርትላንድ ስለሚመጣው፣ ሼኒን ብላን ከሚባለው ዝርያ ስለሚጠመቀው ነው። እዚያ የድሮ ሰዎች ዝርያውን ስቲን ይሉታል።

ብርቱካን የገባበት መምሰሉ። "ኦሬንጅ ወይን" የተባለው በመልኩ ብቻ ነው። ተራው ነጭ ወይን ሲሠራ ፍሬው ይጨመቅና ልጣጩ ወዲያው ይለያል። ይሄኛው ግን እንደ ቀዩ ከነልጣጩ ይፈላል፤ መልኩም፣ አፍ የሚያኮማትረው ታኒንም የሚመጡት ከዚያው ነው። የደቡብ አፍሪካ ደንብ እ.ኤ.አ. በ2015 ራሱን የቻለ ምድብ ሲሰጠው ቢያንስ 96 ሰዓት ከልጣጩ ጋር እንዲቆይ አዟል። ጆርጂያውያን ደንብ ሳይጠብቁ፣ መሬት በተቀበረ ክቬቭሪ በሚሉት የሸክላ ጋን ከጥንት ጀምረው ሲሠሩት ኖረዋል።

ጣፋጭ ነው ብሎ መጠበቅ። አክሱሚት ለለመደ ምላስ ይህ ይከብዳል። መልኩ ማር ቢመስልም ስኳሩ ከሞላ ጎደል ወደ አልኮል ተለውጧል።

ከፍሪጅ አውጥቶ ወዲያው መቅዳት። ነጭ ስለሆነ በረዶ እስኪመስል ያቀዘቅዙታል። ታኒን ያለው መጠጥ ሲበርድ መራራነቱ ይጎላል፣ ሽታው ይታፈናል፤ የሚቀረው ስኳር ያልገባበት፣ ፈልቶ የቆየ ሻይ ነው። ከ12 እስከ 14 ዲግሪ ይበቃዋል። ከፍሪጅ ካወጡት በኋላ ሃያ ደቂቃ ያህል ጠረጴዛ ላይ ይተዉት።

ድፍርሱን ብልሽት፣ ብልሽቱን ደግሞ "ተፈጥሯዊ" ማለት። ትልቁ ስህተት ይሄ ነው፤ ሁለት ፊትም አለው። ጠጅ ቤት ያደገ ሰው ድፍርስ አያስደነግጠውም። ያልተጣራ ወይን ውስጥ የእርሾ አተላ መኖሩ ጤነኛ ነገር ነው፤ ካልወደዱት ጠርሙሱን ከአንድ ቀን በፊት አቁመው ቀስ ብለው መቅዳት ነው።

ሁለተኛው ፊት ይብሳል። ሻጩ ማንኛውንም ጉድለት "ናቹራል ስለሆነ ነው" ብሎ ያልፈዋል፤ ገዢውም አላዋቂ ላለመባል ዝም ይላል። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚሸት፣ ወደ ኮምጣጤ የሄደ ወይን ተበላሽቷል፤ ስም አያድነውም። ከሁሉ ተንኮለኛው አይጥ አይጥ የሚለው ነው። ሲያሸቱት ምንም የለም፤ ከዋጡ በኋላ ግን አይጥ የከረመበት ጎተራ አፍዎ ውስጥ ይከፈታል። ወይኑ ኮምጣጣ በመሆኑ ሽታው ተይዞ ይቆይና ምራቅ ኮምጣጣነቱን ሲያላላው ይለቀቃል። አንዳንድ ሰው ጭራሽ አይታወቀውም፤ ስለዚህ አንድ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሰዎች ቢጣሉበት ሁለቱም ላይዋሹ ይችላሉ። አየር ሲያገኝ አይለቅም፤ እንዲያውም ይብስበታል። ይመልሱት፣ አይፈሩ።

"ሰልፈር (ወይን እንዳይበላሽ የሚጨመረው ማቆያ) የለውም" የሚለውም ማጣራት ይፈልጋል፤ ባይጨመርበትም እርሾው ራሱ ሲፈላ ጥቂት ያወጣል። ሦስት ብርጭቆ ከጠጡ በኋላ የሚመጣውን ራስ ምታትም አይከለክልም፤ አልኮሉ አልኮል ነው።

"አሮጌ ግንድ" የሚለውን እንዳለ ማመን። ከዚሁ ጋር "ቡሽ ቫይን" የሚል ካዩ ከጠርሙስ ቡሽ ጋር አይገናኝም። በሽቦ ሳይደገፍ፣ እንደ ቁጥቋጦ መሬት ተጠግቶ ራሱን ችሎ የቆመ ግንድ ማለት ነው። ቅጠሉ ፍሬውን ከጠራራው ፀሐይ ይከልላል። ስዋርትላንድ በጋው ደረቅ ነው፤ ብዙዎቹ አሮጌ ማሳዎች መስኖ አያውቁም፤ ሥሩ ወደ ታች ወርዶ ውኃውን ይፈልጋል። ያረጀ ግንድ ፍሬው ጥቂት ነው፤ የሚለቀመውም ጎንበስ ተብሎ በእጅ ነው። ውድ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ነገር ግን ጠርሙሱ ላይ "አሮጌ" ብሎ መጻፍ ቀላል ነው። እዚያ አገር ኦልድ ቫይን ፕሮጀክት የሚባል ድርጅት አለ፤ 35 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ ማሳ የተተከለበትን ዓመት የያዘ ማኅተም ይሰጣል። ማኅተሙን ፈልጉ። ካላያችሁት ውሸት ነው ማለት ባይሆንም፣ ስንት ዓመት እንደሆነው ጠይቁ። የሚያውቅ ሻጭ ይነግራችኋል፤ የማያውቀው ስለ አፈሩ ግጥም ይጀምራል።

ከማንኛውም ምግብ ጋር ይሄዳል ማለት። አበሾች ስንሰባሰብ መጀመሪያ የሚታሰበው ዶሮ ወጥ ነው። እኔ አልመክርም፤ ታኒኑና አልኮሉ የበርበሬውን ማቃጠል ያባብሱታል። አልጫ፣ ጎመን በአይብ፣ ቅቤው የበዛ ለስላሳ ጥብስ ግን ይስማማዋል፤ ያ የሚያኮማትረው ነገር ስቡን ከአፍ ያነሳዋል። ለዶሮ ወጡ ጠጁን አቅርቡለት።