የማስቲካ ሙዚቃ ሸክላ ስትገዙ እነዚህን አታድርጉ

ቅዳሜ ቅዳሜ ሜሪላንድ ውስጥ ያገለገለ ዕቃ በሚሸጥበት ገበያ ጠረጴዛ ዘርግቼ ሸክላ እሸጣለሁ። ሸቀጤ አበሻ ወዳጆቼን ያስቃቸዋል። «የጥላሁንን ትተህ የፈረንጅ ሕፃናት ዘፈን?» ይሉኛል። የጥላሁንም አለኝ። እሱን አልሸጠውም እንጂ።

እዚህ አገር ባብልገም ይሉታል፤ የማስቲካ ሙዚቃ እንበለው። ከ1967 እስከ 1972 አካባቢ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) ለአሥርና ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጆች ታስቦ የተሠራ፣ አጭር፣ ጣፋጭ፣ አንዴ ጆሮ ከገባ አልወጣም የሚል ዘፈን ነው። ከጎኑ ደግሞ ፎቶአቸው በየልጃገረዱ መኝታ ቤት ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ጎረምሶች አሉ፤ ዴቪድ ካሲዲ፣ ቦቢ ሸርማን፣ ዶኒ ኦዝመንድ። ጀማሪዎች እነዚህን ሸክላዎች ልክ እንደ ጃዝ ሸክላ ይገዟቸዋል። ጣጣው ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው። የጃዙን ሸክላ አንድ ቧንቧ የሚያጨስ አባወራ በጥንቃቄ ይዞት ሊሆን ይችላል። ይኼኛው ግን የልጅ ንብረት ነበር። ልጅ እጅ የገባ ዕቃ ምን እንደሚሆን ቤታችሁን እዩት።

በሚሊዮን የተሸጠ ሸክላ ውድ ይመስላቸዋል። ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። የአርቺስ «ሹገር ሹገር» በ1969 በአሜሪካ ሠንጠረዥ አራት ሳምንት አንደኛ ሆና ቆይታለች። በየቤቱ ምድር ቤት አንድ አለች ማለት ነው። ሞንኪሶች የሚባሉት የቴሌቪዥን ባንድ ልጆች በ1967 ዓመት ብቻ አራት አልበም አንደኛ አስወጥተዋል፤ እነሱንም እንደ ጨው ታገኟቸዋላችሁ። በዚያው በ1969 አዲስ አበባ ላይ ሸክላ አሳታሚው አምሃ እሸቴ ገና የመጀመሪያ ሸክላዎቹን ያወጣ ነበር። የአምሃ ሸክላ ዛሬ ዋጋው አይቀመስም፤ በትንሽ በትንሹ ስለታተመ። «ሹገር ሹገር»ን በውድ የምትገዙበት ምክንያት አንድ ብቻ ነው፦ ልጅ ሳይነካት የቀረች ከሆነች።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። በዓይን መግዛት!

ባለፈው መስከረም አንድ እዚሁ ያደገ ወጣት ወደ ጠረጴዛዬ መጣ። ካሲዲ የሚዘፍንበትን የቴሌቪዥን ባንድ፣ የፓርትሪጅ ፋሚሊን «አይ ቲንክ አይ ላቭ ዩ» ይዟል፤ ከሌላ ሻጭ በሃያ ዶላር የገዛት ናት። አርባ አምስቷ ናት፣ በደቂቃ አርባ አምስት ጊዜ የምትዞረዋ ትንሿ። የስልኩን መብራት አብርቶ አሳየኝ። «ጋሼ፣ ይኼማ አዲስ ነው!» እውነትም ታበራለች፤ አንድ ጭረት የላትም። ማጫወቻዬ ላይ አደረግናት። የጋለ ዘይት ላይ ሽንኩርት እንደጣሉበት ቸስ... አለች። ካሲዲ ከቸስታው ጀርባ ሆኖ ይዘፍናል። ልጁ ፊቱ ተለወጠ። «ላጥባት?» አለኝ።

«የሚታጠብ የላትም የኔ ልጅ። ቆሻሻ አይደለም፤ ተበልታለች።»

ምክንያቱ ይኼ ነው። የዚያን ዘመን ብዙ የአሜሪካ አርባ አምስቶች ቫይኒል አይደሉም። ስታይሪን ከሚባል ሌላ ፕላስቲክ ነው የተሠሩት። ቀልጦ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ይገፋል፣ ቶሎ ይወጣል፣ ርካሽ ነው። ለፋብሪካው ሸጋ፣ ለኛ መከራ። ስታይሪን ደረቅ ነው፤ ቫይኒል እጥፍ ዘርጋ ሲል እሱ ይሰባበራል። የደነዘ መርፌ ሲሄድበት የቦዩ ግድግዳ ይረግፋል። ከላይ ግን ምንም አይታይም። አሁን ያንን ሸክላ የአሥር ዓመት ልጅ ክፍል ውስጥ አስቡት። ማጫወቻው የፕላስቲክ ሻንጣ ነው፤ ክንዱ ከባድ፣ መርፌው ከተገዛ ጀምሮ ያልተቀየረ። ሸክላው ሲዘል ልጁ ክንዱ ላይ ሳንቲም በፕላስተር ይለጥፍበታል። ከዚያ ያንኑ ዘፈን በቀን አሥራ አምስት ጊዜ! ከሬዲዮ ጣቢያ የወጣውም ከዚህ አያመልጥም። ዲጄው መነሻውን ለማግኘት ወደፊት ወደኋላ ሲያሸው የመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ይቃጠላሉ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ንጹሕ ሆኖ መግቢያው ቸስ ይላል።

ስለዚህ ሳታዳምጡ ገንዘብ አታውጡ። ማጫወቻ ከሌለ በጣታችሁ መርምሩ። ስታይሪን ቀለል ይላል፤ ጠርዙን በጥፍር ስትመቱት ቀጭን፣ ደረቅ ድምፅ ይሰጣል። መሐሉ ላይ ያለው ወረቀትም ብዙ ጊዜ ከላይ በሙጫ የተለጠፈ ነው። አጉብጦ መሞከር ግን ክልክል ነው። እኔ ሞክሬያለሁ። ባለቤቱ ፊት እጄ ላይ ቀጭ አለ። የሰውዬውን ዓይን አልረሳውም፤ ሳልከራከር ከፈልኩ።

ስታጥቡም ለብ ያለ ውሃና አንድ ጠብታ የዕቃ ሳሙና ይበቃል፤ ወረቀቱን አታርጥቡ።

በሽፋኑ ላይ ያለውን ስም ማመን ሌላው ነው። ለጀማሪ አልፈርድበትም፤ እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ ተሸውጄበታለሁ። በዚህ ሙዚቃ ውስጥ ስም ማለት እንደ ሱቅ ታፔላ ነው፤ ውስጥ ያለው ነጋዴ ይቀያየራል። ኦሃዮ ኤክስፕረስ የሚባለው ስም የሁለት አዘጋጆች ነበር፤ የጄሪ ካሰኔትዝና የጄፍ ካትዝ። በ1968 የወጣችውን «ያሚ ያሚ ያሚ»ን የዘፈነው ኒው ዮርክ ስቱዲዮ ውስጥ የነበረው ጆይ ሌቪን ነው። በየከተማው እየዞሩ መድረክ ላይ የሚያቀርቡት ደግሞ ከኦሃዮ የመጡ ሌሎች ልጆች ነበሩ። በ1969 በዚሁ ስም የወጣችው «ሶሳሊቶ» ላይ ያለው ድምፅ የእንግሊዛዊው ግሬም ጎልድማን ነው፤ በኋላ ቴን ሲሲ የተባለው ባንድ አባል የሆነው። የቴን ሲሲ አፍቃሪ ይቺን ይፈልጋታል፤ ስሙን ብቻ የሚያይ ሻጭ ግን አንድ ዶላር ሳጥን ውስጥ ይጥላታል። የኔን ያገኘኋት እንደዚያ ነው።

አርቺሶችማ ጭራሽ ካርቱን ናቸው፤ ዘፋኙ ሮን ዳንቴ ነው። በዚያው ዓመት ከፍ ሊንክስ በሚል ስም «ትሬሲ»ንም የዘፈነው እሱው ነው፤ ድምፁን በድምፁ ላይ እየደራረበ። ፓርትሪጅ ፋሚሊ ላይ ደግሞ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ካሉት ልጆች ሁሉ የዘፈነው ካሲዲ ብቻ ነው። እናት ሆና የተጫወተችው ሸርሊ ጆንስ ታጅበዋለች። በእውነተኛው ሕይወትም የእንጀራ እናቱ ነበረች። ከሽፋኑ ይልቅ ወረቀቱ ላይ በደቃቁ የተጻፈውን የደራሲና የአዘጋጅ ስም አንብቡ። መነጽር የሚያስፈልገው ይያዝ፤ እኔ ይዣለሁ።

«ሞኖ ስለሆነ አሮጌ ነው» ብሎ መተውም አለ። ሞኖ ማለት ድምፁ እንደ ስቴሪዮ ለሁለት ሳይከፈል በአንድ መስመር የሚወጣ ነው። በ1968 ኩባንያዎቹ ሞኖ ማተም እየተዉ ነበር፤ ስለዚህ የዚያ ዓመት ሞኖ ጥቂት ነው። የሞንኪሶችን የ1968 አልበም፣ ወፎቹና ንቦቹ የሚሉትን፣ በሞኖ ካያችሁት ፊታችሁን ሳታስነቁ ግዙ።

ፊርማ ያለበት ፎቶ? በማጉያ መነጽር እዩት። ነጠብጣብ ነጠብጣብ ከሆነ ማተሚያ ቤቱ ነው የፈረመው።

የሲሪያል ካርቶን ጀርባ ላይ ስለታተሙት ሸክላዎች አንድ ነገር ልበል፣ በየጊዜው የሚጠይቀኝ ስላለ። አርቺስ፣ ሞንኪስ፣ ቦቢ ሸርማን፣ ጃክሰን ፋይቭ በዚህ መልክ ወጥተዋል። ልጁ ቁርሱን ጨርሶ በመቀስ ይቆርጠውና ማጫወቻው ላይ ያደርገዋል። ታዲያ ሳይቆረጥ የቀረ ካርቶን የሚያገኝ ሰው ምን ያደርጋል መሰላችሁ? መቀስ ያነሳል! ሃምሳ ዓመት የጠበቀውን፣ ማንም ልጅ ያልደረሰበትን። እባካችሁ ተዉት። ድምፁ እንደሆነ ያው ካርቶን ላይ የተለጠፈ ስስ ፕላስቲክ ነው፤ የሚያጓጓ አይደለም። የተቆረጠውም ቢጎብጥ ካውያ አታስጠጉት። ሁለት መጽሐፍ መሐል አስቀምጣችሁ ለአንድ ወር እርሱት።

መኪና ውስጥ በሐምሌ ሸክላ ትቶ መሄድን አልጽፍም። ይኼንንም መንገር ካለብኝ ሌላ ሙያ ፈልጉ።

የመጨረሻው የራሴ ጥፋት ነው። ሸክላውን ወስዶ ከሽፋኑ ውስጥ የወጣውን ኮተት መጣል። እነዚህ አልበሞች ለልጅ ስጦታ ነበሩ፤ ብዙዎቹ አንድ ነገር ሸጉጠው ይመጣሉ። ፖስተር፣ ፎቶ፣ የደጋፊዎች ክበብ ቅጽ። የፓርትሪጅ ፋሚሊ የ1971 የገና አልበም ሽፋኑ ላይ እውነተኛ የገና ካርድ ነበረው። ካርዱን ልጆቹ አወጡት፤ ስለዚህ ዛሬ የምታገኙት ብዙው ባዶ ነው። ካርድ ያለውና የሌለው ዋጋቸው አይገናኝም።

በ1972 ደግሞ «ሾፒንግ ባግ» የሚል አልበም አወጡ። ከውስጡ እውነተኛ የፕላስቲክ ዘንቢል ይወጣ ነበር። በጀመርኩ ሰሞን ከአንዲት አሮጊት ቤት አንድ ካርቶን ሙሉ ሸክላ በአሥር ዶላር ገዛሁ። ይኼ አልበም ውስጡ አለ፤ ዘንቢሉም ታጥፎ፣ ማንም ሳይነካው። «እንዴት ያለ ጥሩ ፌስታል ነው» ብዬ ዘረጋሁት። ወደ ቤት ስሄድ ግሮሰሪ ገባሁና ሙዝና ወተት ጨመርኩበት። ሦስት ሳምንት ገበያ ተመላለስኩበት። አንድ ቀን ጎረቤቴ ያለው ሻጭ፣ በዚህ ሥራ ያረጀ ሰው፣ እጄን ያዘኝና ቆሎዬን ከውስጡ አንድ በአንድ ማውጣት ጀመረ፤ ምንም ሳይናገር።

አሁንም አለችኝ። አልሸጥኳትም፤ ማን ይገዛታል? አንዱ እጀታዋ ተቀዷል፣ ታችዋ ላይ የሙዝ ጥቁር እድፍ አለ።