የጓሮ ኩሬ ማጣሪያ ፓምፕ ስትመርጡ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

የኩሬ ውሃ ሲደፈርስ ወይም አረንጓዴ ሲሆን ብዙ ሰው የሚወቅሰው ማጣሪያውን ነው። ስፖንጁን ያጥባል፣ መድኃኒት ይጨምራል፣ ሲብስበት ማጣሪያውን ራሱ ይቀይራል። ማጣሪያ ግን የሚያጠራው የደረሰውን ውሃ ብቻ ነው። ውሃውን የሚያደርሰው ደግሞ ፓምፑ ነው፤ እሱ ካልተመጠነ የቀረው ሁሉ ልፋት ነው።

ካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥር እንዳለ መቀበል

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ካርቶኑ «በሰዓት 5000 ሊትር» ይላል። ውሸት አይደለም፤ ግን ቁጥሩ ፓምፑ ውሃውን ሽቅብ ሳይገፋ የሚሰጠው ነው። አጠገቡ ደግሞ «ከፍተኛ ከፍታ 3 ሜትር» የሚል ታገኛላችሁ። ይሄ እስከ 3 ሜትር ድረስ አሳምሮ ይገፋል ማለት አይደለም፤ 3 ሜትር ላይ ሲደርስ ፍሰቱ ዜሮ ይሆናል፣ ጠብታም አይወጣም ማለት ነው። የእናንተ ኩሬ የሚያገኘው በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ያለውን ነው፤ ስንት እንደሆነ የሚነግራችሁም ፍሰትን ከከፍታ ጋር የሚያሳየው ግራፍ ነው። መመሪያው ውስጥ ወይም ማሸጊያው ላይ ፈልጉት። ግራፍ የሌለውን ፓምፕ እኔ አልገዛም፣ እናንተም ባትገዙ ይሻላል።

ከፍታውን ስትለኩ ከውሃው ገጽ ጀምሩ፤ የምትለኩትም ቱቦው ውሃውን እስከሚያወጣበት ከፍተኛ ቦታ ድረስ ነው። ፓምፑ አንድ ሜትር ጠልቆ ቢቀመጥም ያ አንድ ሜትር አይቆጠርም፤ እዚያ ድረስ ቱቦው ውስጥ ያለው ውሃ በዙሪያው ካለው ውሃ ጋር ስለሚመጣጠን ፓምፑን አያደክመውም። ብዙ ሰው ከታች ጀምሮ ይለካና ያለምክንያት ትልቅ ፓምፕ ይገዛል።

የኩሬውን መጠን በዓይን መገመት

ሜትር አውጡና ለኩ። ርዝመት በወርድ፣ በአማካይ ጥልቀት፣ ከዚያ በ1000 ማባዛት ነው። 3 ሜትር በ2 ሜትር የሆነና በአማካይ 80 ሳንቲሜትር የሚጠልቅ ኩሬ 4800 ሊትር ይይዛል። አማካይ ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ ጠርዙ ተዳፋት የሆነ ኩሬን በጥልቁ ቦታ ብቻ ከለካችሁት ቁጥሩ ይጋነናል።

ጥቂት ዓሣና ዕፅዋት ላለው ኩሬ ውሃው ሁሉ በ2 ሰዓት አንዴ ማጣሪያው ውስጥ ቢያልፍ ይበቃል። እንደ ኮይ ብዙ የሚበሉ፣ ብዙ የሚያቆሽሹ ትላልቅ ዓሦች ካሉ ግን በየሰዓቱ አንዴ መዞር አለበት። እንግዲህ ለዚያው ኩሬ በሰዓት ከ2400 እስከ 4800 ሊትር ያስፈልጋል ማለት ነው፤ እሱም በካርቶኑ ላይ ሳይሆን በእናንተው ከፍታ ላይ የሚገኝ መሆን አለበት።

ቱቦውን ማጥበብ

ጥሩ ፓምፕ ገዝቶ ቤት ውስጥ የተገኘውን ቀጭን ጎማ መግጠም በጣም የተለመደ ነው። የቱቦው ቀዳዳ ዲያሜትር (ከዳር እስከ ዳር ያለው ወርድ) በግማሽ ሲቀንስ ያንኑ ያህል ውሃ ለማሳለፍ ፍጥነቱ 4 እጥፍ መሆን አለበት፤ በግጭት የሚባክነው ግፊት ደግሞ ወደ 30 እጥፍ ይጠጋል። ስለዚህ ፓምፑ መውጫው ላይ የሚቀበለውን ትልቁን ቱቦ ግጠሙ፤ መስመሩንም አሳጥሩት፣ መታጠፊያም አታብዙበት። ፍሰቱን መቀነስ ከፈለጋችሁ ከመውጫው በኩል በቫልቭ ቀንሱ እንጂ ፓምፑ ውሃ የሚስብበትን መሳቢያ በፍጹም አታጥብቡ፤ ፓምፑን ይጎዳዋል።

ትልቅ ነው የሚሻለው ብሎ ማሰብ

ማጣሪያውም የራሱ ልክ አለው። ከሚችለው በላይ ውሃ ከመጣበት ወይ ይገነፍላል፣ ወይ ውሃው ሳይጣራ ሾልኮ ያልፋል። ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገውን አልጌ የሚገድል አልትራቫዮሌት መብራት ካላችሁ ጉዳዩ ይብሳል፤ ውሃው በፍጥነት ካለፈ መብራቱ ሥራውን ለመሥራት ጊዜ አያገኝም። የማጣሪያውን ከፍተኛ ፍሰት አንብቡና ከዚያ አትለፉ።

ለሌላ ሥራ የተሠራ ፓምፕ መግጠም

የፏፏቴ (ውሃ ወደ ላይ የሚረጭ) ፓምፕ መሳቢያው ላይ ደቃቅ ስፖንጅ አለው። ቆሻሻውን ወደ ማጣሪያው ከመላክ ይልቅ እዚያው ይይዘዋል፤ ቶሎ ይደፈናል፣ እናንተም ሁልጊዜ እጃችሁን ውሃ ውስጥ እንደነከራችሁ ነው። ለማጣሪያ የሚሆነው ጥቃቅን ጠጣር ነገር የሚያሳልፍ ፓምፕ ነው። የተጠራቀመ ውሃ ለማውጣት የሚውለውም ቢሆን አይሆንም። አብዛኛው ያለማቋረጥ እንዲሠራ አልተሠራም፣ ብዙ ኤሌክትሪክ ይበላል፣ አንዳንዱ ውስጥ ያለው ዘይት ከፈሰሰ ደግሞ ለዓሦቹ አደጋ ነው።

የፓምፑን ዋጋ ብቻ ማየት

የማጣሪያ ፓምፕ ቀንም ሌሊትም ይሠራል። 120 ዋት የሚወስደው በዓመት 1051 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይቆጥራል፣ 50 ዋቱ 438። ሁለት ፓምፖች በእናንተ ከፍታ ላይ እኩል ውሃ የሚሰጡ ከሆነ ዝቅተኛ ዋት ያለውን ውሰዱ፤ ሲገዙት ቢወደድም።

ደግሞ ለመቆጠብ ብላችሁ ሌሊት አታጥፉት! ከዓሦቹ ቆሻሻ የሚመጣውን መርዛማ አሞኒያ የሚያስወግዱት ባክቴሪያዎች የሚኖሩት ማጣሪያው ውስጥ ነው፤ ኦክስጅን የያዘ ውሃ ሲቋረጥባቸው መሞት ይጀምራሉ። ሌሊት ዕፅዋቱም ኦክስጅን ስለሚወስዱ ዓሦቹ በጣም የሚቸገሩት ሊነጋጋ ሲል ነው።

አቀማመጡንና ኤሌክትሪኩን ችላ ማለት

ፓምፑን ጭቃው ላይ አታስቀምጡት፤ ከወለሉ ከፍ አድርጉት። ቱቦው ቢፈነዳ እንኳ ለዓሦቹ የሚተርፍ ውሃ ይኖራል። ከማጣሪያው የሚመለሰው ውሃ በአንድ ጫፍ ከገባ ፓምፑ በሌላው ጫፍ ይሁን፣ አለዚያ ያንኑ የተጣራ ውሃ መልሶ መላልሶ ይስባል። በሽቦው ይዛችሁ አታንሱት። የኤሌክትሪክ መስመሩ 30 ሚሊአምፔር ሲያፈስ ኤሌክትሪኩን የሚቆርጥ መከላከያ ይኑረው፣ እጃችሁን ውሃ ውስጥ ከመክተታችሁ በፊትም ንቀሉት። በዚህ ላይ ድርድር የለም።

ገጥማችሁ ስትጨርሱ 20 ሊትር ባልዲ ከመውጫው ሥር አድርጉና በስልካችሁ ሰዓት ያዙ። በ15 ሰከንድ ከሞላ በሰዓት 4800 ሊትር እያገኛችሁ ነው። ቁጥሩን ጻፉት፤ በየወሩ ስትለኩ እየቀነሰ ከመጣ ፓምፑ ወይም ቱቦው ቆሽሿል ማለት ነው፣ አጽዱት።